የኢሜይል መሣሪያዎች መግለጫ እንደ ብያኔ ሲመዘን

በመዝገበ ቃላት የሰፈረ ብያኔ ጎደሎ ቢሆን እንኳ አንባቢው ከአገባቡ ገምቶ፣ ሌላ መጽሐፍ ገልጦ ወይም ዐዋቂ ጠይቆ ሊያቃናው ይችላል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን ያነበበውን ብያኔ ወዲያው ወደ ተግባር የሚለውጥ አዲስ አንባቢ መጥቷል። ይኸውም በባለቤቱ ስም የኢሜይል ሳጥን ከፍቶ መልእክት የሚፈልግ፣ የሚያነብ፣ የሚልክና የሚያስወግድ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ወኪል ነው። በዚህ ጽሑፍ፣ ለዚህ አንባቢ የሚዘጋጁት የመሣሪያ መግለጫዎች በብያኔ ሕግ ሲመዘኑ ምን እንደሚጎድላቸው ለማመልከት እንሞክራለን።

ወኪሉን የሚመራው የቋንቋ ሞዴል መሣሪያውን የሚያንቀሳቅሰውን ፕሮግራም አብዛኛውን ጊዜ አያየውም። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 ይፋ በሆነው «ሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮል» በተሰኘው ሥርዓት እንደሚታየው፣ ለሞዴሉ የሚቀርብለት የመሣሪያው ስም፣ በተራ ቋንቋ የተጻፈ አጭር መግለጫና የሚፈለጉት ግብአቶች ዝርዝር ነው። መግለጫው ያጎደለውን ሞዴሉ በቃሉ የተለመደ ትርጉም ይሞላዋል፤ ችግሩም የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

«መልእክት ሰርዝ፦ መልእክትን ይሰርዛል» የሚለውን ዐይነት መግለጫ እንውሰድ። ቃሉን በራሱ የሚፈታ ብያኔ ምንም እንደማይፈታ የሙያው ጀማሪ እንኳ ያውቀዋል። እዚህ ግን ጉዳቱ ከባዶነት ያልፋል፤ በኢሜይል ዓለም ይህ ግሥ ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ድርጊቶችን ይሸፍናልና። አይማፕ በተባለው የቆየ ፕሮቶኮል መልእክቱ የመሰረዝ ምልክት ይደረግበታል እንጂ የማጽዳት ትእዛዝ እስኪከተል ድረስ ከቦታው አይነሣም። በጂሜይል ገጽ ላይ ተጠቃሚው የሚጫነው ምልክት መልእክቱን ወደ ቆሻሻ መጣያ ይወስደዋል፤ በዚያም 30 ቀን ይቆያል። ለፕሮግራም ጸሐፊዎች በተዘጋጀው የጂሜይል ሰነድ ግን ይኸው ግሥ ወዲያውኑና ለዘለቄታው ማጥፋትን ያመለክታል። ሰነዱ ድርጊቱ የማይመለስ መሆኑን ገልጾ፣ በምትኩ ወደ መጣያ የሚወስደውን ትእዛዝ መምረጥ እንደሚሻል ይመክራል። ይህ መግለጫ ከጎረቤቱ የሚለይበትን ድንበር ስላሠመረ በእኛ አስተያየት ሊመሰገን ይገባዋል።

እንግዲህ አንድ ሰው «የቆዩ ማስታወቂያዎችን ሰርዝልኝ» ብሎ አዘዘ እንበል። ወኪሉ በስሕተት አንድ የሥራ ቅጥር ደብዳቤ ከማስታወቂያዎቹ ጋር ቢቀላቅል፣ ደብዳቤው ነገ ይገኝ እንደሆነ ወይም ጨርሶ የጠፋ እንደሆነ የሚወስነው የዚህ የአንድ ግሥ አፈታት ነው።

ለአማርኛ ተርጓሚ ሦስቱን ሁሉ «ሰርዝ» ብሎ ማለፍ ይቀለዋል። ይሁን እንጂ ቋንቋችን ለልዩነቱ የሚበቁ ቃላት አሉት። «ሰረዘ» በጽሑፍ ላይ መሥመር አሰመረ ማለት ነው፤ የተሰረዘው ቃል ከመሥመሩ ሥር እንዳለ ይቀራል። ስለሆነም ከአይማፕ ምልክት ጋር ይስማማል። ወደ መጣያ ለሚሄደው «ጣለ»፣ ለማይመለሰው ደግሞ «አጠፋ» ቢባል ድንበሩ ይጠበቃል። «ሰርዝ የሚለው በስልክና በኮምፒዩተር ለሁሉም ተለምዷል» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን። ለገጹ ምልክት ልማዱን አንነቅፍም፤ ሦስቱ መሣሪያዎች ጎን ለጎን ቀርበው ምርጫ በሚደረግበት መግለጫ ግን አንድ ቃል ለሦስት ነገር ሊበቃ አይችልም።

«አንብብ» የሚለውም የዋህ ቃል አይደለም። በአይማፕ የመልእክቱን አካል በተለመደው መንገድ ማምጣት መልእክቱን «የታየ» ያደርገዋል፤ ይህን ምልክት ሳይነካ የሚያመጣው ትእዛዝ ሌላ ነው። መግለጫው ይህን ካልጠቀሰ፣ ባለቤቱ ራሱ ያላነበበውን መልእክት እንዳነበበው ቈጥሮ ሊያልፈው ይችላል።

ቀንም እንዲሁ ነው። አይማፕ ሰርቨሩ መልእክቱን የተቀበለበትን ቀንና በመልእክቱ ራስጌ የተጻፈውን ቀን በተለያዩ ትእዛዞች ይፈልጋል። በአማርኛ ሲታዘዝ ደግሞ የዘመን አቈጣጠሩ ይጨመርበታል። «ከመስከረም 1 ወዲህ» ያለውን ወኪሉ ከሴፕቴምበር 1 ጀምሮ ቢፈልግ፣ መስከረም 1 ሴፕቴምበር 11 በሚውልበት ዓመት ያልታዘዘውን የ10 ቀን መልእክት ይጨምራል። ስለዚህ የቀን ግብአት የትኛውን ቀንና የትኛውን አቈጣጠር እንደሚሻ መነገር አለበት።

ከዚህ በላይ ከተመለከተው በመነሣት፣ መግለጫ አራት ነገሮችን እንዲይዝ እናሳስባለን፦ መሣሪያው የሚሠራውን፣ የማይሠራውንና ያን የሚሠራውን ጎረቤቱን፣ በሳጥኑ ላይ የሚያስከትለውን ለውጥ፣ ለውጡም የሚመለስ መሆን አለመሆኑን። ለምሳሌ፦

«መልእክት ጣል፦ አንድን መልእክት ወደ ቆሻሻ መጣያ ያዛውራል። መልእክቱን እስከ 30 ቀን መመለስ ይቻላል። ለዘለቄታው አያጠፋም፤ ለዚያ ‹መልእክት አጥፋ› የተባለው አለ፤ እርሱም ባለቤቱ ‹ለዘለቄታው አጥፋ› ብሎ በግልጽ ካላዘዘ አይጠራም።»

ይህ መግለጫ ረጅም አይደለም፤ ርዝመት ብቻውንም ግልጽነትን አያመጣም። ደግሞም ብያኔ ቁልፍ አይሆንም፤ የማይመለሰው ድርጊት በፕሮግራሙ ራሱ በፈቃድ ሊታጠር ይገባዋል። ይሁንና ፈቃድ የሚጠየቀው ባለቤት ምን እንደተጠየቀ የሚረዳው በዚያው ቃል ነው። «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» እንዲሉ፣ አነጋገሩ ላልተለየ ትእዛዝ ፍርዱ ሊቃና አይችልም። እነዚህን መግለጫዎች የሚጽፉት በአብዛኛው የፕሮግራም ባለሙያዎች ናቸው። ወደ አማርኛ ሲመለሱ ግን ኀላፊነቱ የእኛም ስለሚሆን፣ ተርጓሚው ከግሡ በፊት ድርጊቱን እንዲጠይቅ ያሻል።