ወንዝ በቴምብር ላይ፦ ድልድይ፣ ፏፏቴ እና የተዘለለው ተከዜ

በ1939 ዓ.ም. መታተም የጀመረው የኢትዮጵያ መደበኛ የቴምብር ስብስብ የአገሪቱን መልክዓ ምድር ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ምስል ጎን አሰልፎ ይዟል። ከ1 ሳንቲሙ አምባ አላጌ ተነሥቶ 5 ብሩ ራስ ዳሽን ላይ ይወጣል። በመካከሉ ደብረ ሲና፣ አሸንጌ አጠገብ ያለው መኻን፣ ጣና ሐይቅ፣ ማይጨው አቅራቢያ ያለው አይባ፣ ዓባይ ላይ የተሠራ ድልድይ፣ ጣና ላይ የሚቀዘፍ ታንኳ፣ የኦሞ ፏፏቴ እና የአላማጣ ተራራ አሉ። ስብስቡ ወንዝን ለመዘከር ተብሎ የወጣ አይደለም፤ ለዕለት ተዕለት ደብዳቤ የታሰበ ነው። ይሁንና ወንዝ በቴምብር ላይ እንዴት እንደሚሣል ልማዱን ያስያዘው እርሱ ነው። ያ ልማድ ደግሞ ለአገር መልክ የተሰጠ ፍቅር ተደርጎ ከሚገባው በላይ ሲወደስ ኖሯል። ምስሎቹ አንድ በአንድ ሲታዩ የሚገኘው ሌላ ነገር ነው፤ የተከበረው ውሃው ሳይሆን ሰው ውሃው ላይ ያሳረፈው ሥራ፣ ያም ባይሆን ውሃው ራሱን ለተመልካች ያሳየበት አንድ ቦታ ነው።

ድልድዩ የመጀመሪያው ማስረጃ ነው። ከ1939ኙ በኋላ በ1957 ዓ.ም. በወጣው መደበኛ ስብስብ ዓባይ እንደገና ብቅ ያለው በድልድይ ነው፤ ጎረቤቶቹም የስኳር ፋብሪካ፣ የቡና ተክልና የአየር መንገድ አውሮፕላን ናቸው። በዚህ ሰልፍ ውስጥ ወንዙ የልማት ዝርዝር አካል ሆኗል። ድልድይ ያለ ወንዝ ትርጉም እንደሌለው የታወቀ ነው፤ ነገር ግን ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው ከዳር እስከ ዳር በተዘረጋው ግንባታ ላይ ስለሆነ ውሃው ከሥሩ የሚያልፍ ክፍተት ከመሆን አይዘልም። የሠዓሊው ጥፋት ብቻ አይደለም። ቴምብር ከአውራ ጣት ብዙም የማይበልጥ ወረቀት ነው፤ በዚያ ስፋት ላይ ርዝመትን ማሳየት አይቻልም፤ የወንዝ ዋና ጠባዩ ደግሞ ርዝመቱ ነው።

ፏፏቴ ለዚህ ችግር የተገኘ ማምለጫ ነው። ረጅሙን ወንዝ አንድ ቦታ ላይ አቁሞ ቀጥ ብሎ እንዲወርድ ያደርገዋል። የጢስ ዓባይ ምስል በቴምብር ብቻ አልተወሰነም፤ በ1969 ዓ.ም. በወጣው የ1 ብር ኖት ጀርባ ላይ ከወፎች ጋር ታትሞ በእያንዳንዱ ኪስ ውስጥ ሲዞር ኖሯል። ያ ምስል ግን ፏፏቴው ሙሉ በሆነበት ቀን እንደቆመ ቀረ። የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ በ1956 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ሁለተኛውና ትልቁ በ1993 ዓ.ም. ሲጨመር አብዛኛው ውሃ ወደ ተርባይኑ እየተጠለፈ 45 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ገደል በበጋ ቀጭን ፈትል ብቻ የሚወርድበት ሆነ። ከዚያ በኋላም ኖቱ የድሮውን ሙሉ ፏፏቴ እንደያዘ ይዘዋወር ነበር። ከዚህ የባሰ ምሳሌ ከዓባይ ማዶ ይገኛል። ኡጋንዳ አሳሹ ስፔክ የነጭ ዓባይን ምንጭ ያየበትን መቶኛ ዓመት እ.ኤ.አ. በ1962 በመታሰቢያ ቴምብር ስታከብር፣ አሳሹ የቆመበት የሪፖን ፏፏቴ በኦወን ፏፏቴ ግድብ ከተዋጠ 8 ዓመት ሆኖት ነበር።

በዚህ ልማድ ውስጥ ያለ ጥርጥር የሚመሰገን ነገር ቢኖር የኅትመት ዘዴው ነው፤ የሚያሳዝነውም ስለ እርሱ ብዙ አለመጻፉ ነው። የ1939ኙ ቴምብሮች የታተሙት በብረት ሰሌዳ ላይ ከተቀረጸ ምስል ነው። ቀራጩ ብረቱን በመርፌ ስለት መስመር በመስመር ይሰረጉደዋል፤ ቀለሙ ስርጉዱ ውስጥ ይገባል፣ ላይኛው ገጽ ይወለወላል፣ ወረቀቱም በከባድ ጫና ሲጫን ቀለሙን ከስርጉዱ መጥጦ ያወጣል። ያልተነካካ ቴምብር በጣት ጫፍ ሲዳሰስ መስመሮቹ ከወረቀቱ ከፍ ብለው ይሰማሉ። ይህ ዘዴ ውሃን ለመሣል የሚጠይቀው ብልሃት ከተራራም ከሕንፃም የተለየ ነው። ተራራ በመስመር ድርድር ይጠቁራል፤ ውሃ ግን ሊታይ የሚችለው መስመሩ በተወበት ቦታ ነው። የረጋ ውሃ ከሆነ ቀራጩ አግድም መስመሮችን አቀራርቦ ይስልና እዚህም እዚያም ይቆርጣቸዋል፤ ብርሃኑ በተቆረጠው በኩል ይገባል። የሚወርድ ውሃ ከሆነ ገደሉን ግራና ቀኝ አጥቁሮ መካከሉን ባዶ ይተወዋል። ስለዚህ የኦሞ ፏፏቴ በሚታይበት የ1 ብር ቴምብር ላይ ውሃ ሆኖ የሚወርደው፣ በቅርብ ሲታይ፣ ቀለም ያልነካው ወረቀት ነው። በአንድ ቀለም ብቻ ስለታተመ ወንዙን በግድ ሰማያዊ የሚያደርግ ነገር የለም። በኋላ የመጣው ባለብዙ ቀለም ኅትመት ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ አጠፋው። ውሃው ሰማያዊ፣ ዳሩ አረንጓዴ ሆነ፤ የክረምት ዓባይ ግን መልኩ የጎጃምና የወሎ አፈር ነው።

ከስብስቡ ሁሉ የላቀው ግን ድልድዩም ፏፏቴውም አይደለም፤ የጣናው ታንኳ ነው። ሐይቅ እንጂ ወንዝ አይደለም የሚል ቢኖር፣ ዓባይ የሚወጣው ከዚያ ነው። ታንኳ ከሐይቁ ዳር ከሚበቅል ደንገል ይታሰራል፤ ውሃ እየጠጣ ይከብዳል፣ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፣ ጥቂት ወራት አገልግሎ ይጣላል። ድልድይ ውሃውን አሸንፎ ሲቆም ታንኳ ከውሃው ወጥቶ ወደ ውሃው ይመለሳል። ውሃ የሕይወት ቦታ ሆኖ የታየበት ይህ ምስል ነው፤ በኢትዮጵያ ቴምብር ታሪክ እስካሁን ከወጡት የውሃ ምስሎች ሁሉ በላጩ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የሌሎቹ የናይል ተፋሰስ አገሮች ልማድም ከዚህ ብዙ አይለይም። ግብፅ እ.ኤ.አ. በ1914 ባወጣችው ስብስብ ርካሹ የ1 ሚሊየም ቴምብር በናይል ላይ የሚሄዱ ጀልባዎችን፣ ውዱ የ200 ሚሊየም የአስዋን ግድብን ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1960 የታላቁ ግድብ መሠረት ሲጣል፣ በ1964ም ናይል አቅጣጫው ሲቀየር ሌሎች መታሰቢያዎች ወጥተዋል። እንግሊዝ ታስተዳድራቸው የነበሩት የምሥራቅ አፍሪካ አገሮችም እ.ኤ.አ. በ1954 ያንኑ የኦወን ፏፏቴ ግድብ ከንግሥቲቱ ምስል ጋር አትመዋል። ወንዙ የማን እንደሆነ በሚያከራክርበት ተፋሰስ ውስጥ ቴምብር የይዞታ ማረጋገጫ ሆኖ ቢያገለግል አይገርምም።

የ1939ኙ ስብስብ ወደ ሰሜን የተከተለው መንገድ በግልጽ ይታያል። አላማጣ፣ አሸንጌ፣ ማይጨውና አምባ አላጌ ከደሴ ወደ መቀሌ በሚወስደው አንድ መንገድ ላይ የተሰደሩ ናቸው፤ በ1928 የማይጨው ጦርነት የተደረገበት፣ በ1933 ደግሞ የጣሊያን ጦር አምባ አላጌ ላይ እጁን የሰጠበት መስመር ነው። ምርጫው የውበት ሳይሆን የጦርነት ትዝታና የመኪና መንገድ ምርጫ ነው። ከዚያ መንገድ በስተምዕራብ የዋግ ደጋ ይነሣል፤ ከአስከተማና ከመላው ጋዝጊብላ፣ ከሰቆጣና ከደሃና የሚወርደው ጎርፍ የሚገባበት ተከዜም በዚያው በኩል ነው። መኪናው አልሄደበትም፤ ምስል አንሺውም አልደረሰበትም። ከላስታ ተነሥቶ 600 ኪሎ ሜትር ያህል የሚጓዘው፣ ሱዳን ገብቶ በአትባራ በኩል ከናይል ጋር የሚገናኘው ወንዝ በዚያ ስብስብ ውስጥ ቦታ አላገኘም። አራት ምስል ለአንድ መንገድ ተሰጥቶ ከኢትዮጵያ ለናይል ከሚሄዱት ዋና ዋና ገባሮች አንዱ መዘለሉ ጉድለት ነው፤ ስብስቡን የሚያደንቁ ሰዎች ሊያልፉት አይገባም።

ተከዜ ለቴምብር የሚመች ወንዝ አለመሆኑ እውነት ነው። በአንዳንድ ቦታ ከ2,000 ሜትር በላይ በሚጠልቅ ሸለቆ ውስጥ ስለሚሄድ ከደጋው ላይ ለቆመ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው ገደሉ እንጂ ውሃው አይደለም። ሐምሌ ላይ ቀይ ጭቃ ተሸክሞ መሻገሪያ ያሳጣል፤ ሚያዝያ ላይ በአሸዋና በድንጋይ መካከል ይሳሳል። አንድ ምስል ሁለቱን አይዝም። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው 188 ሜትር ከፍታ ያለው የተከዜ ግድብ ደግሞ ለቴምብር የተሠራ ይመስል ቅስት ሆኖ በጠባብ ገደል መካከል ቆሟል፤ 300 ሜጋ ዋት ያመነጫል። ምስሉ ያማልላል። ነገር ግን ግድቡን ብቻ ያየ ሰው የኋላውን ሐይቅ አያይም፤ ሐይቁ ወደ ዋግ ኽምራ ዘልቆ ለአበርገሌና ለዝቋላ ቆላ ነዋሪ የዓሣ ገበያ ፈጥሯል። ከደጋው ማሳ እየታጠበ ወደ ሐይቁ የሚገባውንም አፈር አያይም።

የኢትዮጵያ ፖስታ ተከዜን የሚዘክር ቴምብር ለማሳተም ቢያስብ ጎን ለጎን የተያያዙ ሁለት ቴምብሮች ያስፈልጉታል፤ አንዱ የሐምሌን፣ ሌላው የሚያዝያን ወንዝ የያዘ፣ ሁለቱም ከአንድ ቦታ የታዩ። ቅርጹ በብረት ይሁን፣ ቀለሙ አንድና አፈርማ ይሁን። ግድቡን መተው ካልተቻለ ቦታው ቴምብሩ አይደለም፤ ቴምብሩ በሚወጣበት የመጀመሪያ ቀን የሚዘጋጀው ፖስታ ሽፋን ይበቃዋል።