የተጻፈው እንዲገባ፦ «የፌዴራል የግልጽ ቋንቋ መመሪያዎች» ሲመዘን

እ.ኤ.አ. በ1945 በአሜሪካ የአይዳሆ ግዛት ገበሬዎች የስንዴ ማሳቸውን በፌዴራሉ መንግሥት የሰብል መድን ድርጅት አስመዘገቡ። ከ460 ኤከሩ 400ው ቀድሞ የክረምት ስንዴ የነበረበት፣ በኋላ የጸደይ ስንዴ ዳግም የተዘራበት መሆኑን አልደበቁም። የአካባቢው ኮሚቴም መድኑ ሁሉንም እንደሚሸፍን ነገራቸው። ድርቅ ሰብሉን ሲያጠፋው ግን ድርጅቱ አልከፍልም አለ፤ ዳግም የተዘራ ስንዴ መድን እንደማይገባው የሚደነግገው ደንብ በመንግሥቱ የሕግ ጋዜጣ በፌዴራል ሬጅስተር ታትሟልና። በሬጅስተሩ የወጣውን ሁሉም ሰው እንዳወቀው ይቆጠራል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1947 ጉዳዩን መርምሮ 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ ለድርጅቱ ፈረደ። በልዩነት ከወጡት ዳኞች አንዱ ሮበርት ጃክሰን፣ ያን ጋዜጣ ሁሉ ሊያነብ የተነሣ ገበሬ የሚዘራበት ጊዜ ስለማይተርፈው መድንም አያስፈልገውም ሲሉ ተከራከሩ።

ፌዴራል ሬጅስተር መታተም የጀመረው በ1936 ነው። ከዚያ ቀደም የመንግሥት ትእዛዛት አንድ ቦታ ተሰብስበው አይገኙም ነበር። በ1935 በጠቅላይ ፍርድ ቤት በተወሰነ አንድ የነዳጅ ዘይት ክርክር፣ ለክሱ መሠረት የሆነው ድንጋጌ በማሻሻያ ወቅት በስህተት ተሰርዞ እንደነበር የመንግሥት ጠበቆች ራሳቸው ያወቁት ዘግይተው ነው። ጋዜጣው ይህን ውርደት አስቀረ፤ ሕጉ የት እንዳለ ታወቀ። ሕጉ ምን እንደሚል የአይዳሆ ገበሬ እንዴት ይረዳው የሚለው ጥያቄ ግን ለሌላ ትውልድ ተላለፈ። ፕሬዚዳንት ካርተር በ1978፣ ፕሬዚዳንት ክሊንተን በ1998 መሥሪያ ቤቶች በቀላል ቋንቋ እንዲጽፉ አዘዙ። በ2010 ደግሞ የግልጽ አጻጻፍ ሕግ ወጣ። እዚህ የምንመዝነው ሥራ ለዚህ ሕግ ማስፈጸሚያ የሆነው ነው፦ በማርች 2011 ወጥቶ በዚያው ዓመት ሜይ የተሻሻለው «የፌዴራል የግልጽ ቋንቋ መመሪያዎች»።

ደራሲው አንድ ሰው አይደለም። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ሲገናኙ የቆዩ፣ ከልዩ ልዩ መሥሪያ ቤቶች የመጡ የመንግሥት ሠራተኞች ያዘጋጁት ነው። ሰነዱ አምስት ክፍሎች አሉት። አንባቢን ከማወቅ ይነሣል፤ ወደ አደረጃጀት፣ ከዚያ ወደ ቃል፣ ዐረፍተ ነገርና አንቀጽ ይወርዳል፤ ለድረ ገጽ መጻፍን ያክልና በሙከራ ይደመድማል። ይህ ቅደም ተከተል ራሱ ሂሳዊ አቋም ያዘለ ነው። የአጻጻፍ መማሪያዎች አብዛኛውን ጊዜ ከቃል ምርጫ ሲነሡ ይህኛው የሚነሣው ጽሑፉ ከሚደርሰው ሰው ነው። ሰውየው ምን ያውቃል? ምን ሊያደርግ ነው ይህን የሚያነበው? የትኛውን ጥያቄ ይዞ መጣ? የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ በልማድ የሚጽፈው ለአለቃውና ለሕግ ክፍሉ ነው። መመሪያው ያንን ልማድ ከሥሩ ለመንቀል የሞከረበት የመጀመሪያ ክፍል፣ አጭር ቢሆንም፣ በሙሉ ልብ የሚደነቅ ነው።

ሁለተኛው ክፍል የሥራው ልብ ነው ብዬ አምናለሁ። ርዕሶችን በሦስት ይመድባቸዋል፦ በጥያቄ የሚቀርቡ፣ በሙሉ ዐረፍተ ነገር የሚቀርቡና ጉዳዩን በስም ብቻ የሚጠሩ። ከሁሉ አብልጦ የሚያቀርበው የመጀመሪያውን ነው፤ ምክንያቱም አንባቢው የሚመጣው ጥያቄ ይዞ ነው። ጥያቄው በአንባቢው አንደበት፣ መልሱ በመሥሪያ ቤቱ አንደበት እንዲሆንም ይመክራል። በዚህ መንገድ ደንብ የአንድ ወገን ንግግር መሆኑ ቀርቶ ምልልስ ይሆናል፤ በሥነ ጽሑፍ ቋንቋ የአንጻር ለውጥ ነው። የአንቀጽና የንዑስ አንቀጽ እርከን ከሦስት እንዳይበልጥ የሚለው ምክርም ተራ የቁጥር ጉዳይ አይደለም። በአምስተኛው እርከን ላይ ያለ ድንጋጌ ከላይ ካሉት አራት እርከኖች ጋር ካልተቀጠለ ትርጉም አይሰጥም፤ አንባቢ ደግሞ ያን ሁሉ ተሸክሞ መውረድ አይችልም።

በሦስተኛው ክፍል የተሰጡት የቃልና የዐረፍተ ነገር ምክሮች የታወቁ ናቸው። ድርጊቱን ማን እንደሚፈጽም የማይናገረውን ተገብሮ ግሥ ሽሽ፤ ግሥን ወደ ስም አትለውጥ፤ ግዴታን በማያሻማ ቃል ተናገር፤ ለአንድ ነገር ከላይ እስከ ታች አንድ ስም ተጠቀም። ግሥን በስም የመሸሸግ በሽታ የእኛንም የቢሮ አማርኛ ክፉኛ ይዞታል፤ «ይከፍላል» በቂ ሆኖ ሳለ «ክፍያ ይፈጽማል»፣ «ይመረምራል» በቂ ሆኖ ሳለ «ምርመራ ያካሂዳል» እንላለን። ከዚህ ክፍል ግን ይበልጥ የሚበረታው ስለ ቅድመ ሁኔታና ስለ ልዩ ሁኔታ የሚለው ነው። ዋናው ሐሳብ ይቅደም፣ ልዩ ሁኔታው ይከተል፤ ድርብ አሉታና በልዩ ሁኔታ ላይ የሚደረብ ልዩ ሁኔታ ይቅር፤ ሁኔታዎቹ ሲበዙ ደግሞ ዐረፍተ ነገሩን ትተህ ሠንጠረዥ ሥራ ይላል። በግራ «እንዲህ ከሆኑ»፣ በቀኝ «እንዲህ ያድርጉ» የሚል ሠንጠረዥ ግማሽ ገጽ የሚሞላ የሁኔታዎች ዝርዝር ያስቀራል። አንባቢው የሌላውን ሰው ሁኔታ ሳያነብ የራሱን ረድፍ ብቻ ፈልጎ ያገኛል።

ይህ ሁሉ ፍሬ እንደሚያፈራ ከመመሪያው በፊትም ታይቷል። በሚሲሲፒ ግዛት ጃክሰን ከተማ ያለ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ ጽሕፈት ቤት አንድ ደብዳቤ በግልጽ ቋንቋ እንደገና ከጻፈ በኋላ፣ በዓመት 1,100 ገደማ የነበረው የ«አልገባኝም» ስልክ ወደ 200 ገደማ ወርዷል። የመንግሥት ጽሑፍ ሲሻሻል መጀመሪያ የሚያርፈው ስልክ አንሺው ነው፤ ከእሱ በላይ ግን ተራ ሲጠብቅ የሚውለው ሰው።

አሁን ወደ ጉድለቱ። የመመሪያው የመጀመሪያ ድክመት የሚዛን ነው። ከገጾቹ ትልቁን ድርሻ የወሰደው ሦስተኛው ክፍል ሲሆን፣ ችግሩ ሁሉ በዐረፍተ ነገር ጥገና የሚፈታ ያስመስለዋል። ብዙ ሰው የጻፈው መሆኑም ይታወቃል፤ ድምፁ ከምዕራፍ ምዕራፍ ይለያያል፣ አንዳንድ ምክር ይደጋገማል፣ «በፊት» እና «በኋላ» እየተባሉ ጎን ለጎን የቀረቡት ምሳሌዎችም በአብዛኛው የቀለሉት ተመርጠው ነው። ያልተቀናጀ አንቀጽ ሲቀናጅ ማየት ያስደስታል። ሕጉ ራሱ የተወሳሰበ ሆኖ ጸሐፊው ምንም ማድረግ ሳይችል የቀረበት፣ ወይም ግልጽነትና ጥንቃቄ ተጋጭተው አንዱ ለሌላው ያጎነበሰበት ምሳሌ ቢኖር ግን ትምህርቱ የበለጠ ነበር።

ሁለተኛው ጉድለት ከመመሪያው ይልቅ የወላጁ ሕግ ነው፤ ፍትሐዊ ለመሆን ይህ መነገር አለበት። የ2010ሩ ሕግ ደብዳቤን፣ ቅጽን፣ ማስታወቂያንና መግለጫን ሲያካትት ደንብን በግልጽ ከውስጡ አውጥቷል። ከደንብ በፊት የሚቀድመው ማብራሪያ እንደሚካተት በኤፕሪል 2011 የወጣው የሕጉ ሌላ የማስፈጸሚያ ሰነድ ቢያመለክትም፣ የአይዳሆውን ገበሬ ያሰረው ዓይነት ድንጋጌ ግን በሕጉ አይነካም። መሥሪያ ቤት ግልጽ ባይጽፍ ፍርድ ቤት መክሰስም አይቻልም። መመሪያው ለደንብ ጸሐፊዎች ጭምር በሚጠቅም መንገድ የተሰናዳ፣ ከደንቦችም ብዙ ምሳሌ የወሰደ ሆኖ ሳለ ማስገደድ የሚችለው በማስታወቂያና በመሰሉት ላይ ብቻ ሆነ። ማስታወቂያው ቀልሎ ደንቡ እንደከበደ ከቀረ፣ ግልጹ ጽሑፍ አንባቢውን ወደማይገባው ጽሑፍ በር ያደርሰዋል።

ይህን በእኛ ወገኖች ጉዳይ እንፈትነው። በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንን የሚመለከተው የመጀመሪያው የጊዜያዊ ከለላ ማስታወቂያ፣ ብዙዎች ቲፒኤስ የሚሉት፣ በፌዴራል ሬጅስተር የወጣው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 12 ቀን 2022 ነው። የዚህ ዓይነት ማስታወቂያ አሠራር የመመሪያውን ፍሬ ያሳያል፤ ርዕሶቹ ጥያቄዎች ናቸው፦ ቲፒኤስ ምንድን ነው? ኢትዮጵያ ለምን ተሰየመች? ሥራ ፈላጊው፣ ተማሪው፣ አባወራው የየራሱን ጥያቄ ፈልጎ ያገኛል። ሆኖም አመልካቹ ማሟላት ያለበት ሁለት ቀኖች ነበሩት፤ ከኦክቶበር 20 ቀን 2022 ጀምሮ በተከታታይ በአገሪቱ መኖርና ከዲሴምበር 12 ቀን 2022 ጀምሮ በተከታታይ በአካል መገኘት። ለሕግ ባለሙያ ሁለቱ የተለያዩ መስፈርቶች ናቸው፤ ለአንባቢ ግን መኖርና መገኘት አንድ ነገር ይመስሉታል። በዚህ ላይ ሕጉ አጭር፣ ተራና ንጹሕ ምክንያት ያለው ከአገር መውጣት ተከታታይነቱን እንደማያቋርጥ ይደነግጋል፤ የቃላቱ ፍቺ ግን የሚገኘው በደንቡ ውስጥ ነው። መመሪያው የተለመደ ቃል የተለመደ ትርጉሙን እንዲይዝ አጥብቆ ይመክራል፤ እጅግ ትክክል ነው። የሕግ አውጪው ምክር ቤት ተራውን ቃል አስቀድሞ ልዩ ትርጉም አሸክሞት ሲገኝ የማስታወቂያው ጸሐፊ ምን ያድርግ የሚለውን ግን ሳይመልስ ያልፈዋል። ለአንባቢ ከባዕድ የሕግ ቃል ይልቅ አደገኛው ልዩ ትርጉም የተሸከመ ተራ ቃል ነው። ባዕዱ ቃል ቢያንስ ያስጠይቀዋል፤ ይኸኛው ግን ሳይገባው የገባው ይመስለዋል።

ሦስተኛው ጉድለት የአንባቢው ማንነት ነው። መመሪያው አንባቢህን እወቅ ሲል እንግሊዝኛ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ቋንቋው የሆነውን ሰው በቂ ቦታ አልሰጠውም። በ2000 የወጣው የፕሬዚዳንት ክሊንተን ትእዛዝ መሥሪያ ቤቶች እንግሊዝኛ ለማይችሉ ሰዎች አገልግሎታቸውን ተደራሽ እንዲያደርጉ ያስገድድ ነበር፤ በማርች 2025 ተሽሯል። ስለዚህ ለብዙ አማርኛ ተናጋሪ የእንግሊዝኛው ቅጂ ግልጽነት ዛሬ ከትናንቱ ይበልጥ ወሳኝ ነው፤ እናት ይዛው የምትመጣውን ደብዳቤ የሚያነብላት ልጇ ሊሆን ይችላልና። ትርጉም ሲሠራም መመሪያው ከፊሉ ብቻ ድንበር ይሻገራል። ዋናው ሐሳብ ቅድመ ሁኔታውን ይቅደም የሚለው ሕግ ለእንግሊዝኛ የተሰፋ ነው፤ አማርኛ ማሠሪያ አንቀጹን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ ቅድመ ሁኔታዎቹ ሁሉ ከፊት ተደርድረው አንባቢው እስከ ግሡ ድረስ ትንፋሹን ይዞ ይጠብቃል። የጥያቄ ርዕስ፣ አጭር ክፍልና ሠንጠረዥ ግን በማንኛውም ቋንቋ እንደቆሙ ይቆማሉ። መመሪያው የአደረጃጀት ክፍሉን አስፍቶ የዐረፍተ ነገር ክፍሉን ቢያሳጥር ኖሮ ለተርጓሚም ባለውለታ በሆነ ነበር።

ይህን ሁሉ መዝኜ ሥራው ትልቅ ነው እላለሁ። መንግሥት የጻፈው ካልገባ ጥፋቱ የአንባቢው አለመሆኑን መሥሪያ ቤቶች ራሳቸው በጻፉት ሰነድ እንዲቀበሉ አድርጓል፤ በመንግሥት አጻጻፍ ታሪክ ይህ ቀላል እርምጃ አይደለም። ትልቁ ቁጭቴ ስለ አምስተኛው ክፍል ነው። እዚያ የተገለጸው አንደኛው የሙከራ ዘዴ እጅግ ቀላል ነው፤ ለአንድ ሰነድ ከ6 እስከ 9 ሰዎችን ለየብቻ አስቀምጦ ያነበቡትን በራሳቸው ቃል እንዲናገሩ መጠየቅ ብቻ። መመሪያው ሙከራ ከመጀመሪያው ጀምሮ የሥራው አካል ይሁን እያለ ራሱ ሙከራን ከሁሉም በኋላ፣ በአጭሩ ያስቀምጠዋል፤ ሥራ የበዛበት ጸሐፊም እዚያ ሳይደርስ መጽሐፉን ይዘጋዋል። ዘዴው ወደ ሁለተኛው ክፍል ይምጣ፤ ከሚጠየቁት መካከልም ሰነዱ በእርግጥ የሚመለከታቸው ይኑሩበት። ከዋሽንግተን ዲሲና ከአካባቢዋ ስድስት አማርኛ ተናጋሪዎች ስለ ቲፒኤሱ ማስታወቂያ ሁለት ቀኖች ተጠይቀው አራቱ አንድ ናቸው ቢሉ፣ የሚስተካከለው ማስታወቂያው ነው፤ ያም መሆን ያለበት ወደ ሬጅስተሩ ከመላኩ በፊት ነው።