«ማና» እና «ማን»፤ ስለ ቃላት ዝምድና አጭር ትችት

በሞርሲቶ በገበያ ቀን መንገዱን የሚሞላው ሕዝብ በሀዲይኛ «ማና» ይባላል። ከዚያ ሁሉ አንዱ ሰው ተለይቶ ሲጠራ ደግሞ «ማንቾ» ነው። እንግሊዝኛ ስንማር ሰው ማለት «ማን» መሆኑን በሰማን ጊዜ፣ «ይህማ የኛው ቃል ነው!» ብለን ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ደስታችን ከማስረጃችን ይበልጥ ነበር። ቃላችን ከእንግሊዝኛ ጋር ሲዛመድ የሚከብር መስሎን ነበርና።

አሁን ግን ይህን ሐሳብ እንነቅፋለን። ድምፅ መመሳሰሉ ብቻ የሚበቃ ቢሆን፣ ዐማርኛው «ማን ነህ?» ብሎ የሚጠይቅበት «ማን» ደግሞ የማን ዘመድ ሊባል ነው? እንዲህ ያሉ አጫጭር ቃላት ያለ አንዳች ዝምድና ሊገጣጠሙ ይችላሉ። የ«ማንቾ» እውነተኛ ዘመዶች እዚሁ ጎረቤት ናቸው፤ ከምባታው «ማንቹ»፣ ሲዳማውም «ማንቾ» ይላል። ሦስቱም ልሳናት ከኩሽ ወገን ናቸው።

የእንግሊዝኛው «ማን» የጀርመንኛው «ማን» ወንድም ነው። በጥንቱ እንግሊዝኛ ሴትም ወንድም ሳይለይ ሰውን ሁሉ ያመለክት ነበር፤ ወንዱ ለብቻው «ዌር»፣ ሴቲቱ «ዊፍ» ይባሉ ነበር። «ዊፍ» ከ«ማን» ጋር ተጋጥሞ የዛሬውን «ዉማን» አስገኘ፤ «ዌር» ሲጠፋ ስፍራውን «ማን» ወሰደ። «ፒፕል» ግን ከላቲን «ፖፑሉስ» ተነሥቶ በፈረንሳይኛ በኩል የገባ እንግዳ ነው።

በእኛ አስተያየት ከድምፁ ይልቅ ሊመረመር የሚገባው የቃሉ አሠራር ነው። ዐማርኛ «ሰው» ብሎ ይጀምርና «ኦች»ን ጨምሮ «ሰዎች» ይላል። (የዐማርኛው «ሰው» ራሱ ከግእዙ «ሰብእ» የመጣ ነው፤ «ገበያው ሰው ሞላው» ስንልም ብዙውን በአንዱ ቃል እንጠራለን።) ሀዲይኛ ግን ብዙውን በጅምላ «ማና» ይለውና፣ «ቾ» የሚል ቅጥያ ሲጨመር አንዱ ተነጥሎ ይወጣል። ስለዚህ «ሰዎች»ን እንደ «ማና»፣ «ሰው»ን እንደ «ማንቾ» አድርጎ ቃል በቃል የሚያስተምር መምህር የቋንቋውን አካሄድ ገልብጦ ያስተምራል።

ከዚህም ተነሥቶ «ሀዲያ ከአንዱ ይልቅ ማኅበሩን ያስቀድማል» የሚል ጓደኛ አጋጥሞናል። ይህም ችኮላ ነው፤ ዐረብኛም የዛፍን ጅምላ ስም ይዞ በቅጥያ አንዲቱን ዛፍ ይለያል፤ ከዚህ የዐረቦችን ጠባይ ያወጣ የለም። ይልቁንስ ሀዲይኛና ከምባትኛ የሚናገሩ ጓደኞቻችን ከሰው ሌላ የእንስሳትንና የአዝርዕትን ስሞች ከየአገራቸው ሰብስበው ቢያመጡልን፣ ቅጥያው እስከ ምን እንደሚደርስ በሚቀጥለው ጽሑፍ ለመመርመር እንችላለን።