የመጨረሻው ቃል የማን ነው?
የጃድ አቡምራድ የድምፅ ቅንብሮች ሲመረመሩ

የደራሲ ብዕር ይወደሳል፤ የሠዓሊ ብሩሽ ይደነቃል። የሬዲዮ አዘጋጅ መቀስ ግን ሥራው ባማረ ቁጥር እየተሰወረ ይሄዳል። አድማጭ «ተናጋሪው እንዴት ጥሩ ተናገረ!» ይላል እንጂ፣ ከአንድ ሰዓት ንግግር ውስጥ አምስቷን ደቂቃ ማን እንደ መረጠ፣ የትኛው ዝምታ እንደ ቀረና የትኛው ሳቅ እንደ ተጣለ አይጠይቅም። የዚህን ስውር ሥልጣን በጎነትም አደገኛነትም አጉልቶ የሚያሳየን የአሜሪካዊው የሬዲዮና የፖድካስት አዘጋጅ የጃድ አቡምራድ ሥራ ነው።

ከሊባኖሳውያን ወላጆች በ1973 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የተወለደው አቡምራድ ያደገው በቴኔሲ ግዛት፣ በናሽቪል ከተማ ነው። በኦበርሊን ኮሌጅ የተማረውም ሙዚቃ መድረስንና የፈጠራ ጽሑፍን ነበር። በ2002 ደብልዩ ኤን ዋይ ሲ በተባለው የኒው ዮርክ የሕዝብ ሬዲዮ ጣቢያ፣ ማለትም በአድማጮች መዋጮና በለጋሾች እርዳታ በሚተዳደር ጣቢያ፣ «ሬዲዮላብ» የተሰኘውን ዝግጅት በእሑድ ምሽት ጀመረ። ቆይቶም በዕድሜ 26 ዓመት የሚበልጠው አንጋፋው ዘጋቢ ሮበርት ክረልዊች ተጣመረው። ሁለቱ እየተከራከሩና እየተሳሳቁ ሳይንስን የወዳጆች ጨዋታ አደረጉት። ፖድካስት ሲስፋፋም ዝግጅቱ ከጣቢያው ክልል ወጥቶ ብዙ አገር አዳረሰ። በ2010 የፒቦዲን ሽልማት አገኘ፤ አቡምራድም በ2011 የማካርተር ፌሎውሺፕ ተሰጠው።

ለመሆኑ ምን አዲስ ነገር አመጣ? በተለመደው የሬዲዮ ዝግጅት ሙዚቃ የንግግር አጃቢ ነው። በአቡምራድ ዘንድ ንግግሩ ራሱ ዜማ ይሆናል። የአንዱን ዓረፍተ ነገር ሌላው ይነጥቀዋል፤ ቃል ይደጋገማል፤ ትንፋሽ እንደ ከበሮ ምት ይገባል። በ2012 «ቀለማት» በሚለው ክፍል እንስሳት ቀለምን እንዴት እንደሚያዩ ለማስረዳት ያደረገውን እንመልከት። ቀለም በሬዲዮ አይታይም! እርሱም መዘምራን ሰበሰበ። ሁለት ዓይነት የቀለም ተቀባይ ሕዋስ ብቻ ላለው ውሻ ጥቂት ድምፆች ዘመሩ፤ ሦስት ላለው ሰው ድምፆቹ ተጨመሩ፤ ደርዘን ያህል ላላት ማንቲስ ሽሪምፕ ለተባለች የባሕር ፍጡር ደግሞ መዘምራኑ በሙሉ አስተጋቡ። የማይታየውን በጆሮ ማሳየት ማለት ይኸው ነው።

ሆኖም በ2014 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት፣ ይህች ፍጡር ተቀራራቢ ቀለማትን በመለየት ረገድ ከሰው እንደምታንስ አመለከተ። በ2012 ይህ አልታወቀምና አዘጋጁን ልንወቅሰው አይገባም። ነገር ግን አንድ ምስጢር ይገልጥልናል። ውብ ቅንብር ከማስረጃው አልፎ ያሳምናል። የተዘመረን ነገር መጠራጠር ከባድ ነው።

ስለ ሽሪምፕ ሲሆን ጉዳቱ ቀላል ነው። ስለ ሰው ሲሆንስ? በዚያው በ2012 «ቢጫው ዝናብ» የሚለው ታሪክ ቀረበ። የላኦስ ጦርነት በ1975 ካበቃ በኋላ፣ ከአሜሪካ ጎን ተሰልፈው የነበሩት የሕሞንግ ሕዝቦች ሲሳደዱ ከሰማይ ቢጫ መርዝ እንደ ወረደባቸው ተናግረው ነበር። አሜሪካም በ1981 ሶቪየት ኅብረትን በዚሁ ከሰሰች። የሃርቫርዱ ማቲው ሜሰልሰንና ባልደረቦቹ ግን ቢጫው ነገር የንብ ኩስ ነው የሚል መልስ ሰጡ። ዝግጅቱ ከእልቂቱ የተረፉትን ኤንግ ያንግን ሲያነጋግር አስተርጓሚዋ የወንድማቸው ልጅ ደራሲዋ ካኦ ካሊያ ያንግ ነበረች። ክረልዊች አውሮፕላን ሲረጭ በዓይናቸው አይተው እንደ ሆነ አጥብቆ ጠየቀ። እርሷም አለቀሰች፤ ቃለ ምልልሱም ተቋረጠ።

የአቡምራድ መቀስ ልቅሶዋን አልጣለውም፤ ይህ ሊመሰገንለት ይገባል። ችግሩ ከልቅሶው በኋላ የመጣው ነው። አዘጋጆቹ ስቱዲዮ ተቀምጠው፣ እርሷ በሌለችበት፣ ስለ እርሷ ተወያዩ። ክረልዊች ታሪኩን ለብቻዋ ልትይዘው ፈለገች እስከ ማለት ደረሰ። ወቀሳው ሲበረታም ይቅርታ ጠየቀ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳምና ደራሲዋም የራሷን መልስ ጽፋ አወጣች። የኬሚካሉ ጥያቄ ተገቢ ጥያቄ ነበር። ለሕሞንጎቹ ግን ዋናው ነገር የሞቱት ወገኖቻቸው ነበሩ። ቅንብሩ አንደኛውን እውነት ዳኛ፣ ሌላኛውን ተከሳሽ አድርጎ አቆማቸው።

ከዚህ በኋላ የመጡትን ሥራዎች በዚህ ዓይን ማየት ይጠቅማል። በ2016 የጀመረው «ሞር ፐርፌክት» ስለ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲተርክ፣ መነሻው ራሱ ሙግት ነው። በ2019 ከሺማ ኦሊያኢ ጋር ያዘጋጀው ባለ ዘጠኝ ክፍሉ «የዶሊ ፓርተን አሜሪካ» ደግሞ፣ እርስ በርሳቸው የማይስማሙ አድናቂዎችን በአንዲት ዘፋኝ ዙሪያ ይሰበስባል። ሐኪሙ አባቱ የዘፋኟ ወዳጅ ናቸው። ልጅ አባቱን ይዞ የቴኔሲን ተራራ ከሊባኖስ ተራራ ጋር ሲያስተያይ፣ አቡምራድ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰውን ናፍቆት ሳይፈታው እንዳለ ይተወዋል። ይህ ክፍል በእኔ ግምት ከ«ቀለማት» ይበልጣል።

ታዲያ አንድ ቅሬታ ይቀራል። ዶሊ ፓርተን ራሷን ፌሚኒስት ብላ ለመጥራት ስታመነታ፣ በ2018 «ዲክሲ» የሚለው ቃል ከስሙ ስለ ወጣው ትርዒቷም ስትጠየቅ፣ ጥያቄው ለስላሳ ነው፤ ለመልሷም ሰፊ ጊዜ ይሰጣታል። ትዕግሥት መልካም ነው። ግን ያ ትዕግሥት መጀመሪያ የሚያስፈልገው ለማን ነበር? ለገናናዋ ዘፋኝ ወይስ በትርጉም ለሚናገሩት ስደተኛ?

አቡምራድ በ2022 ሬዲዮላብን ለሉሉ ሚለርና ለላቲፍ ናስር ለቆ ሄደ። ድምፅን እንደ ዜማ የመቀመር ስልቱን በርካቶች ወርሰውታል። ስልቱን መውረስ ቀላሉ ነው። ከብዶ የሚገኘው፣ የመጨረሻውን ቃል ለባለ ታሪኩ ትቶ ማይክሮፎኑን መዝጋት ነው።