የምናለሽ ተራ እጆች

ከፋብሪካ የተጣለ ባዶ በርሜል መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ሲደርስ ሥራው ገና መጀመሩ ነው። አንዱ በመሮና በመዶሻ ይቀደዋል፣ ሌላው ቀጥቅጦ ያቃናዋል፤ ከዚያ የከሰል ምድጃ ሆኖ ይሸጣል። ያለቀ የመኪና ጎማም በረባሶ ጫማ ይሆንና ጭንጫው መሬት ለዓመታት ይረገጥበታል።

እኔ ከሁሉ በላይ የማደንቀው የእነዚህን ባለሙያዎች ዓይን ነው። ዝገቱን በጥፍራቸው ፈቅፈቅ፣ ብረቱን በመዶሻ ኳ ኳ ያደርጉና የቱ ለምድጃ፣ የቱ ለማቅለጫ እንደሚሆን ወዲያው ይለያሉ። ይህ ዕውቀት ትምህርት ቤት ውስጥ አይገኝም፤ ልጅ ከአባቱ ጎን ቁጭ ብሎ የሚለምደው ነው።

እነሱና ከየሰፈሩ አሮጌ ዕቃ የሚሰበስቡላቸው ቆራሌዎች ባይኖሩ፣ ያ ሁሉ ብረት በመጋቢት 2009 ዓ.ም. ተንዶ ከ100 በላይ ሰው በፈጀው የቆሼ ቆሻሻ ክምር ላይ ይደረብ ነበር። ሆኖም ከቀጥቃጮቹ ብዙዎቹ የጆሮ መከላከያ እንኳ ሳይኖራቸው ቀኑን ሙሉ ይቀጠቅጣሉ። እጃቸው ይባረክ!