ስለ ታብ ንባብና ስለ ጆሮ ትምህርት

የከባድ ሮክ ዘፈኖችን በቤዝ ጊታር ለመጫወት የሚሻ፣ በወሎ የሐይቅ ወይም የውጫሌ ወጣት፣ ኖታ የሚያስተምረው ሰው በአቅራቢያው ባያገኝ እንኳ፣ ታብ የተባለው ጽሕፈት በእጁ እስካለ ድረስ ሥራውን ከመጀመር የሚያግደው ነገር የለም። ታብ ለቤዝ ሲጻፍ አራት መስመር ብቻ አለው፤ የታችኛው የወፍራሙ የኢ ክር ነው፤ ከርሱ በላይ ያሉት በየተራ የኤ፣ የዲና የጂ ክሮች ናቸው፤ በመስመሩ ላይ የተጻፈው ቁጥር ጣት የሚያርፍበትን ፍሬት ያመለክታል፤ ዜሮም ክሩ ሳይያዝ ባዶውን እንዲመታ ያዛል። ዘዴው ይህን ያህል ቀላል ስለ ሆነ ጀማሪው ፈጥኖ ያነበዋል። እኔ ግን ከዚህ መሣሪያ ጋር ብዙ ዘመን የኖርሁ እንደ መሆኔ መጠን፣ ለሚጠይቁኝ ሁሉ የምመልሰው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ታብ እጅን የሚመራ እንጂ ጆሮን የሚተካ አለመሆኑን፣ ዜማውን አስቀድሞ የሰማና በልቡናው ያሳደረ ሰው ብቻ በእውነት ሊያነበው እንደሚችል ነው።

ለዚህ ምስክር የሚሆነን ዲፕ ፐርፕል የተባለው የእንግሊዝ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1972 ባወጣው «ማሺን ሄድ» አልበም ውስጥ የሚገኘው «ስሞክ ኦን ዘ ዎተር» የተባለው ዘፈን ነው። የመግቢያውን የቤዝ ታብ ገልጦ ያየ ሰው በኢ ክር ላይ 3፣ 3፣ 3፣ 3 እየተባለ የተደረደረ ቁጥር ያገኛል፤ ጊታሩ ከላይ ዜማውን ሲያመላልስ ቤዙ ከሞላ ጎደል በአንድ ድምፅ ጸንቶ ይቆማልና። ቁጥሩን ብቻ የተመለከተ ሥራው ቀላል ይመስለዋል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ምት ከድራሙ ጋር እኩል ካልወደቀ፣ የቀኝ እጅ አመልካችና መካከለኛ ጣቶች እየተፈራረቁ በእኩል ኃይል ካልመቱ፣ ግራውም እጅ ከፍሬቱ ብረት ጥቂት ወደ ኋላ አጥብቆ ይዞ ሌሎቹን ክሮች ዝም ካላሰኘ፣ የዘፈኑ ክብደትና ግርማ አይገኝም። አብዛኛው ታብ ከነዚህ አንዱንም አይጽፍም፤ የት እንደሚያዝ ይናገራል እንጂ ድምፁ ስንት እንደሚቆይና እንዴት እንደሚመታ ለሰሚው ይተዋል።

እንዲህ ያለው ጽሕፈት ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በዚሁ በወሎ ምድር፣ በተድባበ ማርያም፣ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የቅዱስ ያሬድን ድጓ በምልክት እንዳደራጁት ከአበው ሲወራረድ በመጣ ትውፊት ይነገራል። ድፋትና ሂደት፣ ቅናትና ይዘት፣ ቁርጥና ጭረት፣ ርክርክና ደረት የተባሉት ምልክቶች ከንባቡ ላይና ታች ይሰፍራሉ፤ ከነርሱም ጋር ከቃላት የተወሰዱ ደቃቅ ፊደላት ይጻፋሉ። እነዚህ ሁሉ ዜማውን ከመምህሩ አፍ የተቀበለው ደቀ መዝሙር የሰማውን እንዲያስታውስ የተሠሩ ናቸው እንጂ ያልሰማውን አያስተምሩም። አባ ኢየሱስ ሞአ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሐይቅ እስጢፋኖስን ገዳም የትምህርት ማዕከል ካደረጉበት ጊዜ አንሥቶ፣ በዚህ አገር ብራናውና የመምህሩ ቃል ተነጣጥለው አያውቁም፤ ታብ የሚያነብ ወጣትም ይህን ሥርዓት ቢይዝ ይጠቀማል።

ሁለተኛው የሚያስፈልገው ማስተዋል የቅኝት ነው። ብላክ ሳባዝ የተባለው ባንድ እ.ኤ.አ. በ1971 ባወጣው «ማስተር ኦቭ ሪያሊቲ» አልበም ውስጥ፣ በወጣትነቱ በፋብሪካ ሥራ የሁለት ጣቶቹን ጫፍ ያጣው ጊታር ተጫዋች ቶኒ አዮሚ፣ ክሮቹ ላልተው ለጣቱ እንዲቀሉት በበርካታ ዘፈኖች ከተለመደው ቅኝት በሦስት ግማሽ ድምፅ ወረደ፤ የቤዙ ተጫዋች ጊዘር በትለርም አብሮት ወረደ። የእነዚያን ዘፈኖች ታብ ክሩን ሳያወርድ የሚጫወት ሰው ቁጥሩ ትክክል ሆኖ ሳለ ከቅጂው ጋር አይገጥምም፤ ምክንያቱም ታብ የሚነግረን የጣትን ስፍራ እንጂ የድምፁን ከፍታ አይደለም። ክራር የሚደረድር የወሎ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ ከትዝታ ቅኝት ወደ አምባሰል ቅኝት ሲሻገር ጣቶቹን በየክራቸው እንዳሉ ትቶ ክሮቹን እንደ ገና ይቃኛልና።

አምባሰል ከተባለ ዘንድ፣ ይህ ቅኝት ለቤዝ ተማሪ ታላቅ ሀብት መሆኑን ሳልናገር አላልፍም። በኢ ክር 0ና 1፣ በኤ ክር 0፣ 2ና 3፣ በዲ ክር 2 ብለን ብንጫወት አምባሰልን ከመነሻው እስከ ኦክታቩ ድረስ እናገኘዋለን። ከመነሻው ወደ ሁለተኛው የሚደረገው ርምጃ ግማሽ ድምፅ ብቻ ነው፤ ከባድ ሮክም ማስፈራትና መክበድ ሲሻ አዘውትሮ የሚመላለሰው በዚሁ በጠባቡ ርቀት መካከል ነው። እነ ድምፃዊት ማሪቱ ለገሠ ለናፍቆትና ለእንጉርጉሮ ያዋሉትን ቅርበት የውጭ አገር ባንዶች ለኃይል አዋሉት፤ ስለዚህም አምባሰልን እየሰማ ያደገ ልጅ ይህን ድምፅ ከቁጥር በፊት በጆሮው ያውቀዋል። ጃኖ ባንድ እ.ኤ.አ. በ2012 «ኤርታሌ»ን ባወጣ ጊዜም የአገራችን ዜማና ሮክ አብረው ሊኖሩ መቻላቸው ታይቷል፤ የአልበሙ ፕሮዲዩሰር ቢል ላስዌልም ራሱ ቤዝ ተጫዋች ነው።

እንግዲህ የትምህርቱ ቅደም ተከተል ይህ ይሁን፤ መጀመሪያ መሣሪያውን አስቀምጦ የቤዙን ድምፅ ከሌሎቹ ለይቶ እስኪያንጎራጉረው ድረስ በጽሙና ይስማ፤ ቀጥሎ ምቱን በእግሩ ይያዝ፤ ከዚያ በኋላ ታቡን ጥቂት ጥቂቱን በዝግታ ይጫወት፤ በመጨረሻም ወረቀቱን ዘግቶ ከቅጂው ጋር ይሞክር። ታቡና ጆሮው ቢለያዩ ቅጂውን ደጋግሞ ሰምቶ ይፍረድ፤ ታቡንም የጻፈው እንደርሱ ሰምቶ የጻፈ ሰው ነውና። በዚህ መንገድ የሠለጠነ ጆሮ የሌላውን ማንበብ ብቻ ሳይሆን የራሱን መጻፍም ይችላል፤ ስለዚህ ለሐይቅና ለአምባሰል ወጣቶች የምሰጠው የቤት ሥራ፣ በሠርግና በበዓል የሚሰሙትን ዜማ በእነዚያው አራት መስመሮች ላይ ለቤዝ እንዲጽፉና፣ የጻፉትንም ለሚከተሏቸው ታናናሾቻቸው እየተጫወቱ እንዲያሰሙ ነው።