ሙዳይ ነው! ሙዳይ!

እንዴት እስከ ዛሬ አልታየኝም? ላለፉት ሦስት ሳምንታት ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ይዤ የማወራው ይህንኑ ነው፤ ታክሲ ውስጥ አጠገቤ ለተቀመጠችው ሴትዮ እንኳ ሳልነግራት አልወረድኩም። የሰርግ ፖስታ መሰብሰቢያ ሳጥን ከካርቶን በገዛ እጄ ሠራሁ፤ ስጨርሰው ሙዳይ ሆኖ ቁጭ አለ!

ሰርጉ የታናሽ እህቴ ነው። ጥር ላይ፣ ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም ባለችው፣ አገር ሁሉ በሚዳርባት ጠባብ ጊዜ። አራት ቀን ሲቀረው ነው «ፖስታውስ የት ይገባል?» ያለ ሰው የተገኘው። ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ይሏል ይኼ ነው።

በእኛ ቤት እስካሁን ፖስታ የሚገባው ሚዜ ኪስ ነበር። ሚዜው ምሽቱ በገፋ ቁጥር ደረቱ እያበጠ፣ ሱፉ አልቆለፍ እያለ፣ እስክስታ ሲወርድ አንዱ ፖስታ እየወደቀ። በወንድሜ ሰርግ የአክስታችን ፖስታ ከሦስት ወር በኋላ ነው ከሚዜው የውስጥ ኪስ የተገኘው። አክስቴ ያን ሁሉ ጊዜ አንድ ቀን እንኳ ያመሰገናት ሰው ስላልነበረ ተቀይማን ኖራለች፤ እኛ ደግሞ ምን አድርገናት ይሆን እያልን።

የሚከራይ የመስታወት ሳጥን አለ፤ ሄጄ አየሁት። የምርጫ ኮሮጆ ቁርጥ! ውስጡ ፍንትው ብሎ ስለሚታይ የማን ፖስታ ወፍራም፣ የማን ስስ እንደሆነ ተሰልፎ የቆመው ሁሉ ሊመለከት ነው። ሰርግ ነው እንጂ ቆጠራ ነው እንዴ? ትቼው ወጣሁና ከሰፈሬ ሱቅ ሦስት የፓስታ ካርቶን ለምኜ ገባሁ።

እዚህ ላይ ነው ተአምሩ የሚጀምረው። ካርቶን በሁለት ወረቀቶች መሀል እንደ ቀሚስ የተሸነሸነ ሦስተኛ ወረቀት እንዳለው ልብ ብላችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሽንሽኑ ወደ ላይ እንዲቆም አድርጋችሁ ከቆረጣችሁት፣ ያ ግትር ካርቶን ያለ ምንም ትግል እንደ ሰሌን ይጠቀለላል! አግድም ከሆነ ግን እንደ ደረቅ እንጀራ ይሰበራል፤ የመጀመሪያውን ካርቶን ያበላሸሁት በዚህ ነው። ክቡን መቀመጫውን 35 ሳንቲ ሜትር ስፋት ሰጠሁት፤ ዙሪያው 110 ሳንቲ ሜትር ገደማ መጣ፤ ቁመቱን 30 አደረግሁት። ለጥንካሬ በሁለት ድርብ፣ መጋጠሚያዎቹ አንድ ቦታ እንዳይገናኙ አድርጌ።

ሙጫውስ? የስንዴ ዱቄት! አንድ ኩባያ ዱቄት በቀዝቃዛ ውኃ እስኪሟሽሽ መበጥበጥ፣ አራት ኩባያ ውኃ ጨምሮ እሳት ላይ ማማሰል፣ ሲያብለጨልጭና ሲወፍር ማውጣት፤ አለቀ። እንደ አጥሚት ነው የሚሠራው፤ የሌላዋ እህቴ ልጅማ ሊጠጣው ነበር። በስሱ መቀባት ነው፤ ከበዛ ካርቶኑ ውኃ ይጠጣና ይንጋደዳል። ሁለት ቀን ሲደርቅ በጣቴ መታ መታ ባደርገው እንደ ከበሮ ጮኸ። እመኑኝ፣ እንደ ከበሮ!

ላዩን አቡጀዴ አለበስኩት። ከዚያ እማዬ ከሣጥኗ ያረጀ ነጠላ አወጣች፤ መሀሉ ሳስቶ አልቋል፣ ጥለቱ ግን ዛሬ ከሸማኔ እጅ የወጣ ይመስላል። ጥለቱን ቆርጬ ወገቡ ላይ ሳዞረው፣ ሾጠጥ ያለውን ክዳኑንም ከላይ ስደፋበት፣ እማዬ እጇን አፏ ላይ አድርጋ «አንቺ! ይሄማ ሙዳይ ነው» አለች።

ሙዳይ! እናቶቻችን ከስንደዶና ከአክርማ በወስፌ እየሰፉ፣ ፈትላቸውንና ጌጣቸውን ከተው ክዳን የሚደፉበት። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ በቀጭን ቀዳዳ ሳንቲም የምንጨምርበትስ ምን ይባላል? ሙዳየ ምጽዋት! ክዳን ያለው፣ ቀዳዳ ያለው፣ የሰው ስጦታ የሚገባበት ዕቃ፤ እኛ «የካርድ ቦክስ» እያልን ስንንተባተብ ቃሉም ቅርጹም ቤታችን ተቀምጦ ነበር!

ቀዳዳው ግን ቀልድ አይደለም። እዚህ ሱቅ የሚሸጠው ረጅሙ ፖስታ 22 በ11 ሳንቲ ሜትር ነው። ስለዚህ ክዳኑ ላይ 24 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፣ 2 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቀዳዳ ከፈትኩ፤ ጠባብ ከሆነ ወፈር ያለ ካርድ ግማሽ መንገድ ላይ ይቀረቀራል፣ ሰጪውም በሰው ፊት ሲገፋ ያልበዋል። ጠርዙን በሪባን ለበጥኩት። ከቀዳዳው በታች ደግሞ ዘንበል ያለች የካርቶን ምላስ አጣበቅሁ፤ ፖስታው ሾልኮ ወደ ዳር ይሄዳል እንጂ አንድ ቦታ ተቆልሎ ቀዳዳውን አይደፍንም፣ እጅም ወደ ውስጥ አይዘልቅም። በዚህች ምላስ ከሙዳዩ ሁሉ በላይ ነው የምኮራው!

ቁልፍ? ቁልፍ የለውም። ክዳኑን ከአካሉ ጋር በቀይ ክር ዙሪያውን ሰፋሁት። መክፈት የፈለገ ክሩን መቁረጥ አለበት፣ ከተቆረጠ ደግሞ ይታያል።

በሰርጉ ዕለት በሩ አጠገብ፣ ጠጅ በሚቀዳበት ጠረጴዛ ጎን አስቀመጥነው። ሰው ምንም ሳይነገረው ዐወቀው። ነጭ የለበሱ አንዲት እናት ቆመው ካዩት በኋላ ፖስታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ሲያስገቡ ዓይኔ እንባ አቀረረ። «ትሰሚያለሽ፣ ይህን የሰፋችው ማን ናት?» አሉኝ። ካርቶን ነው እትዬ፣ የፓስታ ካርቶን ስላቸው አላመኑኝም፤ በጥፍራቸው ጫር አድርገው አረጋገጡ። ሚዜው ደግሞ ኪሱ ባዶ፣ ሱፉ ተቆልፎ፣ እንዴት እንደጨፈረ ብታዩት!

ከ200 በላይ ፖስታ ዋጠ። በመልሱ ማግስት እማዬ መቀሷን ይዛ ክሩን አንድ በአንድ ቆረጠች፣ ሙሽሮቹ አጠገቧ ተቀመጡ፣ እኔ ደብተር ይዤ ስም ጻፍኩ። የአክስቴ ፖስታ ከላይ ሦስተኛው ነበር፤ ወዲያው ደወልንላት።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ጎረቤቶች ሙዳዩን ለሰርጋቸው ሊዋሱ መጥተዋል። እማዬ ግን ፈትሏን ከታበታለች፤ «ዱቄት እኮ አለ፣ ካርቶንም አለ» ብላ ነው የምትመልሳቸው።